የጌታን ፈተና በአቡጀዲ ላይ መሣል፦ ከጨርቁ ዝግጅት እስከ ቫርኒሹ

ዐቢይ ጾም በተቃረበ ቁጥር ከሰንበት ተማሪዎች ያው ጥያቄ ይመጣል። «ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ሲፈተን የሚያሳየውን ሥዕል እንዴት ልሥራው? ሰይጣኑንስ የት ላድርገው?» በውጭ አገር ያላችሁም ለአዳራሻችሁ ግድግዳ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቆራርጬ ከምመልስ ይኸው ሙሉውን አሠራር በአንድ ላይ።

ሥዕሉ ሦስቱን ፈተናዎች ጎን ለጎን ያሳያል። መጠኑ 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሙ አክሪሊክ ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታው አያስቸግርም፣ ስህተትም በላዩ ደግሞ በመቀባት ይታረማል። ሥራውን በጾሙ መግቢያ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ቢያንስ 5 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ቀለም በመቀባት ሳይሆን በንድፉና ቀለሙ እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

• አቡጀዲ፣ 110 በ80 ሴንቲ ሜትር (ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ትርፍ ይኑረው)
• 90 በ60 የሆነ የእንጨት ፍሬም፣ መሐሉ ላይ ማጠናከሪያ ያለው
• ትንንሽ ምስማር ወይም የእንጨት ስቴፕለር
• ነጭ የእንጨት ኮላ
• ለሥዕል የተዘጋጀ ነጭ አክሪሊክ መደብ (ከቀለሙ በፊት ጨርቁ ላይ የሚቀባው)። ካላገኛችሁ ጥሩ ጥራት ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቀለም
• አክሪሊክ ቀለም፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ የአፈር ቢጫ፣ የአፈር ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ቡኒ
• 3 ዓይነት ብሩሽ፦ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ መካከለኛ፣ እና ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ቀጭን
• ሥዕሉን የሚያክል ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ወፍራም መርፌ፣ የደቀቀ ከሰል
• ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት
• የማያብረቀርቅ የአክሪሊክ ቫርኒሽ

ገንዘብ ካጠራችሁ የቀለሙን ዓይነት ቀንሱ እንጂ በቀጭኑ ብሩሽ አትቆጥቡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል የሚቆመው በመስመር ነው። ፀጉሩ የተበታተነ ብሩሽ ደግሞ መስመር አያወጣም።

1. መጀመሪያ ንባቡን ምረጡ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ማቴዎስ 4፥1-11ን እና ሉቃስ 4፥1-13ን ጎን ለጎን አንብቡ። ቅደም ተከተላቸው ይለያያል። በማቴዎስ መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የመቅደሱ ጫፍ፣ በመጨረሻ ረጅሙ ተራራ ነው። በሉቃስ ግን የዓለም መንግሥታት ሁለተኛ ይመጡና መቅደሱ መጨረሻ ይሆናል። መላእክት መጥተው እንዳገለገሉት የሚናገሩት ደግሞ ማቴዎስና ማርቆስ (1፥13) ናቸው፤ ሉቃስ እዚህ ላይ አይጠቅሳቸውም። በሉቃስ ቅደም ተከተል ሥላችሁ መጨረሻው ላይ መላእክት ከጨመራችሁ ሁለቱን ንባብ ቀላቀላችሁ ማለት ነው። የሚያስተምርበት መምህር ይቸገራል። እዚህ የማቴዎስን ይዘን እንሄዳለን።

2. አቡጀዲውን እጠቡና ወጥሩ

አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች አለበት። ስታርቹ ካልወጣ መደቡ ጨርቁን አይዝም፣ ከጊዜ በኋላ ይላጣል። በሙቅ ውኃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ሲደርቅ ተኩሱት።

ስትወጥሩ ከማዕዘን አትጀምሩ። ከአራቱም ጎን መሐል ላይ አንድ አንድ ምስማር ምቱ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተፈራረቃችሁ ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ። ከማዕዘን ከተጀመረ መሐሉ ይረግባል፣ የጨርቁ ክርም ይጣመማል። በጣት ስትመቱት ድምፅ ከሰጠ በቂ ነው።

3. ኮላና ነጭ መደብ

1 እጅ ኮላ በ3 እጅ ውኃ በጥብጡና ጨርቁን ፊትና ጀርባ ቀቡት። ይህ የክሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳያልፍም ያግዳል። አድሮ ሲደርቅ ነጩን መደብ 3 ጊዜ ቀቡ፤ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም። እያንዳንዱ ሳይደርቅ በላዩ አትድገሙ። ፕላስቲክ ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ ለ5 እጅ ቀለም 1 እጅ ኮላ ጨምሩበት፤ ጨርቁን አጥብቆ ይይዛል።

መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አለስልሱት። ከዚያ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት። ጠብታው ሳይሰርግ ቁጭ ካለ መደቡ ደርሷል። ወዲያው ከመጠጠው አንድ ዙር ይጎድለዋል።

ጥንቃቄ፦ የግንባታ ጀሶ በአቡጀዲ ላይ አትጠቀሙ። ጀሶ ጠንካራ እንጨት ላይ ይቆማል። ጨርቅ ግን ስለሚንቀሳቀስ ጀሶው ይሰነጠቃል፣ ሥዕሉ አንዴ ሲጠቀለል ሁሉም ይረግፋል።

4. ንድፉን በወረቀት ጨርሱ

ሥራው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ከመቅረቡ በፊት ሁሉም ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ ማግኘት አለበት።

ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 3 ቋሚ ክፍሎች አድርጉት። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ለጽሑፍ ተዉ። በሦስቱም ክፍል የጌታ ቁመት እኩል 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የሰይጣኑ ከ20 አይብለጥ። የጌታ ቁመት ከክፍል ክፍል ከተለያየ ሕፃናት ሦስት የተለያየ ሰው የተሣለ ይመስላቸዋል። ሰይጣኑ ከበለጠ ደግሞ ሥዕሉ የእርሱ ይሆናል።

በእኛ አሣሣል ራስ ከሰውነት አንፃር ጎላ ይላል። ቁመቱን በራስ ብትለኩት ከ5 እስከ 6 ራስ ይሁን። ስለዚህ ለ25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ራሱ 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጌታን በሦስቱም ክፍል ፊቱ ወደ ተመልካች ወይም በመጠኑ ዘወር ያለ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ የሚታዩ አድርጋችሁ ሣሉት። ሰይጣኑን ሙሉ በሙሉ ከጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ እንዲታይ አድርጉ። ይህ በአገራችን ሥዕል የቆየ ሥርዓት ነው። ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና አጋንንት በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በተግባር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ለጸሎት የቆመ ምእመን ዓይኑ ከጌታ ዓይን ጋር ብቻ ይገናኛል።

አሁን ክፍል በክፍል።

ግራ፣ ድንጋዩ። ጌታ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ሰይጣኑ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንጋዮቹ ይጠቁማል። ድንጋዮቹን ድቡልቡል፣ ዳቦ የሚመስሉ አድርጓቸው፤ ግን ዳቦ አትሣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቡናማ፣ የተጋገረ የሚመስል ነገር ከሣላችሁ ድንጋዩ ተለውጧል ማለታችሁ ነው፤ ጌታ ግን አልለወጠውም። ቀለማቸው ከመሬቱ ድንጋይ ጋር አንድ ይሁን።

መሐል፣ የመቅደሱ ጫፍ። 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሕንፃ አቁሙና ጌታን ከላይ አድርጉት። በሁለት እግሩ የቆመ፣ የረጋ ይሁን። እግሩ ከጫፉ እንዲያልፍ ወይም ልብሱ በነፋስ እንዲንሳፈፍ አታድርጉ፤ የወደቀ ያስመስለዋል። ይህ የኢየሩሳሌም መቅደስ ነው፤ ስለዚህ ጉልላቱ ላይ መስቀል አይደረግም። እጃችን ስለለመደ ሳናስበው እናስቀምጠዋለን፤ ጌታ ግን ገና አልተሰቀለም። ሕንፃውን ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው፣ በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ አድርጉት።

ቀኝ፣ ረጅሙ ተራራ። ተራራው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ይጥበብ። ከግርጌው «የዓለም መንግሥታት ሁሉና ክብራቸው» ይታዩ፦ ግንቦች፣ ዘውዶች፣ የተከፈቱ ሣጥኖች። የታወቀ ከተማ፣ የዘመናችን ሕንፃ፣ የአንድ አገር ባንዲራ አታስገቡ። ተመልካቹ ከትምህርቱ ወጥቶ «ይሄ የእነማን ነው?» ወደሚል ክርክር ይገባል። ሰይጣኑ እዚህ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ መሸሽ ጀምሯል፤ «ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» የተባለው በዚህ ቦታ ነውና። ከላይ በቀኝ ጥግ ሁለት መላእክት ወደ ጌታ ሲመጡ ሣሉ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። በትውፊት የሚታወቀው የፈተና ተራራ ከኢያሪኮ በስተ ምዕራብ ያለ፣ ገደላማና ደረቅ ድንጋያማ ተራራ ነው። ስለዚህ ዛፍና ሣር አታብዙ። ዛሬ ገደሉ ላይ ያለውን ገዳም ፎቶ አይታችሁ ሕንፃውን እንዳትገለብጡ፤ ከታሪኩ ብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። አራዊት ከፈለጋችሁ ማርቆስ ስለሚጠቅሳቸው አንበሳ ወይም ነብር በሩቅ ማስገባት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ይበቃል።

የጌታ ቀኝ እጅ በሦስቱም ከፍ ያለ ይሁን። በግራ እጁ የብራና ጥቅልል ብታስይዙት እኔ ደስ ይለኛል። ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው «ተጽፎአል» ብሎ ነው፤ ቃሎቹም ከኦሪት ዘዳግም ናቸው (8፥3፣ 6፥16፣ 6፥13)። ጥቅልሉ ማንበብ ለማይችል ሕፃን እንኳ መልሱ ከየት እንደመጣ ያሳየዋል።

ንድፉ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና 4 ሜትር ርቃችሁ እዩት። የማን እጅ ወዴት እንደሚጠቁም ከዚያ ርቀት ካልለየ መስመሮቹ ተደራርበዋል። እጆቹን ከሰውነት አርቃችሁ ባዶ ሰማይ ላይ አውጧቸው።

ለሰበካው አስተዳዳሪ ወይም ለመምህራችሁ የምታሳዩበት ጊዜም አሁን ነው። እርሳስ ይጠፋል። ቀለም ካረፈ በኋላ «እንዲህ ቢሆን» መባል ግን ለሁሉም ከባድ ነው።

5. ንድፉን ወደ ጨርቁ አሳልፉ

ወረቀቱን ለስላሳ ጨርቅ ላይ አንጥፋችሁ መስመሮቹን በመርፌ ነጥብ በነጥብ ውጉ። ከዚያ አቡጀዲው ላይ ለጥፉትና የደቀቀ ከሰል በቀጭን ጨርቅ ቋጥራችሁ በላዩ መታ መታ አድርጉ። ወረቀቱ ሲነሳ መስመሩ በነጠብጣብ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ነጠብጣቡን በውኃ በቀጠነ ቡኒ ቀለም አያይዙና የቀረውን ከሰል በደረቅ ጨርቅ አራግፉ። ከሰሉ ካልረገፈ ከነጭና ከቢጫ ጋር ተደባልቆ ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ወረቀቱን አትጣሉት፤ መስመር ሲጠፋባችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

6. የመጀመሪያው ቀለም

ከኋላ ወደ ፊት ሂዱ፦ ሰማይ፣ ተራራና መሬት፣ ሕንፃ፣ ልብስ፣ በመጨረሻ ሥጋ። እንዲህ ካደረጋችሁ የፊተኛው የኋለኛውን ጠርዝ እየሸፈነ ይመጣል፤ ጠርዝ ለመጠበቅ አትጨነቁም።

አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ጥቂት አፍክታችሁ በጥብጡ። ቀይና ቢጫ በአንድ ዙር አይሸፍኑም። ለጌታ ቀይ ቀሚስ መጀመሪያ የአፈር ቀይ በነጭ ለውሳችሁ ቀቡ፣ በላዩ ደማቁን ቀይ ሁለት ጊዜ በስሱ ድገሙ። መጎናጸፊያው ሰማያዊ ይሁን፤ ደብራችሁ ውስጥ ባሉት ሥዕሎች የተለመደው ሌላ ከሆነ ያንን ተከተሉ። ለተራራው የአፈር ቢጫ፣ ነጭና ጥቂት ቡኒ ይበቃል። ለሦስቱም ክፍል የሚበቃ ልብስ ቀለም በአንድ ጊዜ በጥብጣችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ነገ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ለሰይጣኑ የሰው ቆዳ ቀለም አትስጡት። ቡኒም፣ ጠይምም፣ ቀይ ዳማም አይሁን። አመድማ፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ በጥብጡለት። ልጆች ሥዕሉን ሲያዩ የጎረቤታቸውን ወይም የራሳቸውን መልክ እዚያ ላይ ማየት የለባቸውም።

7. የልብስ እጥፋትና ጥላ

ለእያንዳንዱ ልብስ ሦስት እርከን አዘጋጁ፦ መሠረቱ፣ ከእርሱ የጠቆረ፣ ከእርሱ የፈካ። እጥፋቱን በጠቆረው በጎን ለጎን መስመር አውርዱ፤ ከትከሻና ከወገብ ይነሣና ወደ ታች ይስፋ። በመስመሮቹ መሐል የፈካውን ጣል አድርጉ። ለማጥቆር ጥቁር አትጨምሩ፤ ቀዩን በቡኒ፣ ሰማያዊውን በትንሽ ቡኒ አጥቁሩ። ጥቁር ሲገባ ልብሱ የታጠበ አይመስልም።

8. ፊትና እጅ

የአፈር ቀይ፣ የአፈር ቢጫና ነጭ ለውሳችሁ መካከለኛ ጠይም አውጡ። ጥላውን በአንድ በኩል ብቻ፦ ጉንጭ ዳር፣ አፍንጫ ጎን፣ ከአገጭ ሥር። ብርሃኑን በግንባር፣ በአፍንጫ አጥንትና በጉንጭ ላይ። ንጹሕ ነጭ ፊት ላይ አይገባም።

ጌታ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ስለተራበ ፊቱን በመጠኑ ማቅጠን ተገቢ ነው። አጥንቱ እስኪቆጠር ግን አትሂዱ። ምእመን የሚጸልይበት ሥዕል ነው፤ በልቡ ሊያድር የሚገባው ርኅራኄ ሳይሆን አክብሮት ነው።

9. የዳር መስመር

ጥቁር ቡኒና ጥቁር እኩል ለውሱና እንደ ቀለም ቀንድ ቀለም እስኪፈስ ድረስ በውኃ አቅጥኑት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተለማመዱ። መስመር ስትስቡ ክርናችሁ ይንቀሳቀስ፣ የእጅ አንጓ ብቻ አይሁን። ረጅሙን የልብስ መስመር ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አውርዱት። ተቆራርጦ የተያያዘ መስመር ከሩቅ ይንቀጠቀጣል።

ቅንድቡ ከአፍንጫው መስመር ጋር ተያይዞ በአንድ ቅስት ይውረድ። የጣቶች መስመር ከልብስ መስመር የቀጠነ ይሁን።

10. ዓይን

ዓይን መጨረሻ የሚሠራው በምክንያት ነው። በዚህ ሥዕል ታሪኩን የሚሸከመው የዓይኑ ብሌን ያለበት ቦታ ነው።

በዚህ መጠን የጌታ አንድ ዓይን ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ብሌኑ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ብሌኑን 2 ሚሊ ሜትር ወደ ታችና ወደ ድንጋዩ ብትገፉት ጌታ ድንጋዩን የተመኘ ይመስላል። ያቺ ትንሽ ፈቀቅታ የሥዕሉን ትምህርት ትገለብጠዋለች። ስለዚህ በሦስቱም ክፍል ብሌኑ መሐል ይሁን፣ የላይኛውን የዓይን ሽፋን ነክቶ። ድንጋዩን፣ ገደሉን፣ ግንቦቹን አያይም።

የሰይጣኑ ብሌን ደግሞ ወደሚጠቁምበት ሳይሆን ወደ ጌታ ፊት ይመልከት። ምላሹን እየጠበቀ ነው። በሦስተኛው ክፍል ብቻ ብሌኑ ወደ መሬት ይውረድ።

መጀመሪያ የዓይኑን ነጭ ቀቡ፤ ጥቂት ቢጫ ጣል ያለበት ነጭ። ሲደርቅ የሁለቱንም ብሌን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ በጥቁር ሙሉት። አንዱን ዓይን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ እኩል አይመጡም። ሲደክማችሁ ወይም በማታ መብራት ይህን አትሥሩ።

11. ጽሑፉ

በታችኛው ነጭ ቦታ ላይ አጭር ጻፉ፦ «በእንጀራ ብቻ አይኖርም»፣ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው»፣ «እርሱንም ብቻ አምልክ»። ጥቅሱ እንዳይዛነፍ ከመጽሐፉ ላይ እያያችሁ ገልብጡ እንጂ በቃል አትመኑ። በግእዝ መጻፍ ከፈለጋችሁ መሪጌታ ይጻፍላችሁ ወይም ይመልከትላችሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ፊደላቱን ቆጥራችሁ ቦታ ስጧቸው፤ ያለዚያ መጨረሻው ቃል ተጨናንቆ ይቀራል።

12. ቫርኒሽና መስቀል

ቀለሙ ቢያንስ 1 ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ቫርኒሹን በሰፊ ንጹሕ ብሩሽ 2 ጊዜ በስሱ ቀቡ፤ ጨርቁን አጋድማችሁ፣ አቧራ በሌለበት ክፍል፣ መስኮት ከፍታችሁ። ቫርኒሹ የሚጠቅመው የዕጣንና የጧፍ ጥላሸት ቀለሙን ሳይነካ እላዩ ላይ እንዲቀር ነው። የሚያብረቀርቀውን ዓይነት አትግዙ፤ የመብራት ነጸብራቅ ፊቱን ይጋርደዋል።

ጥንቃቄ፦ ከጧፍ ማብሪያው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ወይም ዝናብ የሚያርሰው ግድግዳ ላይም አይሰቀል።

ሌላ ጥንቃቄ፦ አንዳንዶቻችሁ እንደ ቀድሞዎቹ በዱቄት ቀለም መሥራት ትፈልጋላችሁ። ዱቄት ስትበጠብጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ምንነቱ ያልታወቀ ደማቅ ቢጫ ወይም ደማቅ ቀይ ዱቄት ከቆየ ዕቃ ውስጥ ካገኛችሁ አትንኩት፤ ድሮ ለሥዕል ይውሉ ከነበሩት አንዳንዶቹ አርሴኒክና ሜርኩሪ አለባቸው። የብሩሽ ጫፍ በምራቅ ማሾልም ይቅር፣ የትኛውም ቀለም ቢሆን።

ለጸሎት የሚሰቀል ከሆነ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሥርዓቱን እስኪፈጽሙለት ጠብቁ።

ደጋግመው ከሚላኩልኝ ፎቶዎች የማያቸው ሌሎች ችግሮች

ቀለሙ ከተላጠ ብዙ ጊዜ ጨርቁ አልታጠበም። ሥዕሉ ዳር ዳሩን ከተሸበሸበ የተወጠረው ከማዕዘን ተጀምሮ ነው፤ ከጀርባው በስሱ ውኃ ረጭታችሁ አድርቁት፣ በመጠኑ ይመለሳል። የዳር መስመሩ ከፈሰሰ ከሥሩ ያለው ቀለም አልደረቀም። ሰይጣኑ ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ ከገባ ዙሪያው ያለው ቀለም በጣም ፈክቷል፤ ከኋላው ያለውን ድንጋይ ጠቆር አድርጉት፣ ራሱን ሳትነኩ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጌታ ፊት ከደበዘዘ ደግሞ በራሱ ዙሪያ ያለውን አክሊለ ብርሃን አፍኩት እንጂ ፊቱን አታንጡት።

ወደ ሌላ ቦታ የሚጓዝ ከሆነ ከፍሬሙ ፍቱትና በሰፊ የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፤ የተሣለው ወገን ወደ ውጭ ሆኖ። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨመደዳል። በመሐሉ ለስላሳ የማይጣበቅ ወረቀት አስገቡ። በረዶ ባለበት አገር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ አክሪሊክ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆንና ይሰነጠቃል። ከመኪና አውርዳችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት፣ በማግሥቱ ፍቱት።